የፖሊስ ሬዲዮ ለምን ዝም አለ?

ጥያቄው፦ "ከሌላ ስቴት ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ተዛውሬ ሱቅ ከፍቻለሁ። እስከ ሌሊት ነው የምሠራው። በፊት የነበርኩበት ከተማ ሳይረን ሲጮህ ስልኬ ላይ ባለው የስካነር አፕ ፖሊሶቹ የሚነጋገሩትን እሰማ ነበር። በሩን ቆልፌ ልቀመጥ ወይስ ሥራዬን ልቀጥል የሚለውን ከዚያ ነበር የምወስነው። እዚህ ግን የፖሊሱ ድምፅ ጭራሽ የለም። ለምን ዘጉት? የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው? አንድ ሰው ደግሞ 'የተዘጋውን የሚከፍት መሣሪያ አለኝ' ብሎ 700 ዶላር ጠይቆኛል። ልግዛው?"

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ገንዘብ አለበትና። እንዳይገዙ። ሰውየው ይዞት የመጣው ዕቃ ደህና ዲጂታል ስካነር፣ ማለትም የሬዲዮ ንግግር መስሚያ መሣሪያ፣ ሊሆን ይችላል። ዲጂታል ስካነር ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ብዙ ነገርም ያሰማል። የኦሮራን ፖሊስ ግን አያሰማም። "ይከፍታል" ያለዎት ውሸቱን ነው። ለምን ውሸት እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለብኝ። እንጀራዬ እነዚህን ሬዲዮዎች ፕሮግራም ማድረግና መጠገን ስለሆነ ወሬው ሊረዝምብኝ ይችላል። ከሰለቸዎት ይዝለሉት፣ አልቀየምም።

ብዙ ሰው ዲጂታል መሆንንና መመስጠርን ያምታታል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ ዛሬ ፕሮጀክት 25 በሚባል ስታንዳርድ ይሠራል። እኛ በአጭሩ ፒ 25 እንለዋለን። ሥራው የተጀመረው በ1989 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዓላማው የአንዱ ፋብሪካ ሬዲዮ ከሌላው ፋብሪካ ሬዲዮ ጋር እንዲግባባ ነበር። ድምፅ ወደ ቁጥር ይቀየርና በአየር ይላካል። የሚቀየርበት መንገድ የታወቀ ስለሆነ ማንኛውም ዲጂታል ስካነር ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም የተደበቀ ነገር የለም።

ምስጠራው፣ እኛ ኢንክሪፕሽን የምንለው፣ ከዚያ በላይ የሚጨመር ነው። ሬዲዮው ቁጥሩን ከመላኩ በፊት በአንድ ቁልፍ ያዘበራርቀዋል። ያው ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው መልሶ የሚያስተካክለው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኤኢኤስ 256 የሚባለው ነው። ቁልፉ ባለ 256 ቢት ነው፣ ማለትም 256 ዜሮና አንድ የተደረደረበት። ሊኖሩ የሚችሉትን ቁልፎች ብዛት ልጻፍ ቢሉ 78 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ተሰብስቦ አንድ በአንድ ልሞክር ቢል ዕድሜ አይበቃውም። የባንክዎ አፕ የሚጠበቀውም በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። ያንን የሚከፍት ሳጥን ያለው ሰው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ በ700 ዶላር አይሸጠውም፤ የተሻለ ሥራ ያገኝ ነበር።

ደካማ ምስጠራም አለ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ወጪ ለመቆጠብ ባለ 40 ቢት ቁልፍ ይጠቀማል። እሱን የሚችል ሰው ሊሰብረው ይችላል። ግን እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል። በ1986 የወጣው የፌደራል የኤሌክትሮኒክ መገናኛ ሕግ ማንም ሊሰማው በሚችል መንገድ፣ ማለትም ሳይመሰጠር የሚተላለፍን የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ ማዳመጥን ይፈቅዳል። ስለዚህ ድሮ በአፕ ሲሰሙ የነበረው ነውር አልነበረውም። የተመሰጠረን መገናኛ ሰብሮ መስማት ግን ወንጀል ነው። ቁልፉ ደካማ ነበር ማለት አያድንም። በዚያ ላይ ሰምቶ ለወንጀል መጠቀም ለብቻው ያስጠይቃል። አንዳንድ ስቴቶች ደግሞ መኪና ውስጥ ስካነር መያዝን ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ፤ ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢንዲያና፣ ኬንታኪና ሚኒሶታ በዚህ ይታወቃሉ። ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ዘመዶች ካሉዎት ስቴት ሲያቋርጡ ይህን ይወቁት።

አፑ ራሱ ከአየር ላይ ምንም አይቀዳም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤቱ ስካነር ያስቀምጥና ድምፁን እንደ ብሮድካስቲፋይ ባሉ ገጾች በኩል ይለቀዋል። የእሱ ስካነር ካልሰማ እርስዎም አይሰሙም። የሚገርመው ነገር፣ ተመስጥሮም ቢሆን ሁሉም ነገር አይጠፋም። ስካነሩ ላይ የትኛው ቡድን እያወራ እንደሆነና የሬዲዮው መለያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይታያል። ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ያያሉ፤ ያለውን አይሰሙም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ። የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው?

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። የፖሊስ ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ክፍት ሆኖ ነው የተጀመረው። በ1928 የዲትሮይት ፖሊስ ለፓትሮል መኪኖች በሬዲዮ ጥሪ ማስተላለፍ ሲጀምር መኪኖቹ መስማት እንጂ መመለስ አይችሉም ነበር። ከዚያ በፊት በሙከራው ዘመን ደግሞ ፈቃዱ እንደ ማንኛውም መዝናኛ ጣቢያ ስለነበር በጥሪ መሃል ሙዚቃ ማሰማት ነበረባቸው። ቤቱ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጋዜጠኛው፣ የመኪና ጎታቹ፣ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ጡረተኛ ሁሉ ሲያዳምጥ ኖሯል። ክፍት ይሁን ብሎ በመርህ የወሰነ ሰው አልነበረም። መዝጋት ውድና አስቸጋሪ ስለነበር ክፍት ሆኖ ቆየ። አሁን መዝጋት ረክሷል። በሌላ በኩል ደግሞ መስማት ከመጠን በላይ ቀሏል፤ ድሮ መሣሪያ ገዝቶ አንቴና ሰቅሎ የሚሰማው ዛሬ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይሰማል። ክርክሩ ከዚህ ነው የመጣው።

ዋሽንግተን ዲሲ በ2011 ዘጋ። የዚያን ጊዜዋ የፖሊስ አዛዥ ካቲ ላኒየር ወንጀለኞች በስልካቸው እየሰሙን ነው የሚል ምክንያት ነበር ያቀረቡት። ኦሮራ ከዴንቨር ቀድሞ ዘጋ፤ ዴንቨር በሐምሌ 2019 ተከተለ። ቺካጎ በ2022 መዝጋት ጀመረ። ኒውዮርክ በ2023 ከብሩክሊን ጀምሮ ቻናሎቹን ዝም ማሰኘት ያዘ፤ የአዲሱ ሥርዓት ወጪ 390 ሚሊዮን ዶላር ተብሏል። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከምንኖርባቸው ከተሞች ውስጥ ሁለቱ፣ ዲሲና ዴንቨር፣ ከቀደሙት መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ፖሊሶች ሦስት ምክንያት ያነሳሉ። ሦስቱም እኩል አይመዝኑም።

አንደኛው የፖሊሱ ደህንነት ነው። ሌባ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ፖሊስ በየት በኩል እንደሚመጣ ይሰማል የሚለው። ይሄ ይደርሳል፤ ስካነር ይዘው የተያዙ ሌቦች አሉ። ግን ከተማ ሙሉ ቻናል የሚያዘጋ ያህል ብዙ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ሁለት ታሪክ ነው። ቁጥር ይዞ የሚመጣ አዛዥ ብዙም አላየሁም። የተከበበ ቤት ካለ ወይም ታጋች የያዘ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቃል መሸፈን አለበት፤ በዚህ የሚከራከር ሰው የለም። ለዚያ ተብሎ የተለየ የተመሰጠረ ቻናል መያዝ ከድሮም የነበረ ነው።

ሁለተኛው ሰርጎ መግባት ነው። በ2020ው ሁከት ጊዜ ቺካጎ ውስጥ የማይመለከታቸው ሰዎች የፖሊስ ቻናል ላይ እየገቡ ሙዚቃና ስድብ ያሰሙ ነበር። ይህን ለመዝጋት እንደ ምክንያት አንስተውታል። እንደ ባለሙያ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ምስጠራ አስመሳይን ያስቆማል፤ ቁልፍ የሌለው ሰው ድምፁ የፖሊሱ ጆሮ አይደርስም። ሞገዱን በጩኸት ማፈንን ግን አያስቆምም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማት ብሌዝና ባልደረቦቹ፣ በ2011 ባወጡት ጥናት ፒ 25ን ለማፈን በልጆች መጫወቻ ውስጥ ያለ ትንሽ ሬዲዮ እንደሚበቃ አሳይተዋል። ተመሰጠረም አልተመሰጠረም።

ሦስተኛው የሰው ገመና ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። እርስዎ ሱቅዎ ተዘርፎ 911 ቢደውሉ ፖሊሶቹን በሬዲዮ የምታሰማራው ሠራተኛ፣ ዲስፓቸሯ፣ ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ ስልክዎን በሬዲዮ ልታስተላልፈው ትችላለች። ፖሊስ መኪና አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሲያጣራ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፈቃድ ቁጥር በአየር ይሄዳል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ባሏ የደበደባት ሴት፣ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ጎረቤት፣ ሁሉም ከነቤት ቁጥሩ። ይህን ሁሉ ስንት ሥራ ፈት በአፕ ይሰማዋል።

በዚህ ላይ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ። በሚያዝያ 2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ያፈነዱት ሰዎች ሲታደኑ ሌሊቱን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ስካነር ያዳምጥ ነበር። በዚያ ሌሊት አንድ ፖሊስ የአንድን ሰው የአባት ስም በሬዲዮ ፊደል በፊደል አስቆጠረ። ስሙ የእኛ አገር ስም ነው፤ በየሰፈሩ ያለ። በእንግሊዝኛ "ኤም" በሚለው ፊደል ስለሚጀምር ፖሊሱ እንደ ልማዳቸው "ኤም፣ እንደ ማይክ" አለ። ሲሰሙ ከነበሩት አንዳንዶቹ "ማይክ" የሰውየው የመጀመሪያ ስም መሰላቸው። ከደቂቃዎች በኋላ ከፊደል አቆጣጠር የተሠራ አንድ "ማይክ እገሌ" የሚባል ሰው ትዊተር ላይ ከሁለቱ ቦምብ አፈንጂዎች አንዱ ሆኖ ዋለ። ሌላ ምንም ያላደረገ ወጣት ስምም አብሮ ተለጠፈ። እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች የጻርናየቭ ወንድማማቾች ነበሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያ ስም ያላቸው አጎት ወይም ጎረቤት ያሏችሁ ብዙ ናችሁ፤ በዚያ ሌሊት ቦስተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ከነበረ ሰው አንጻር አስቡት።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ይዘጋ እላለሁ ብለው ይጠብቁ ይሆናል። አልልም። የሚሸፈነው ስሙ ነው፤ ጥሪው ይሰማ ነው የምለው። የቦስተኑ ስም በክፍት ቻናል መነገር አልነበረበትም። "እዚህ መንገድ ላይ ተኩስ አለ" የሚለው ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል ካሊፎርኒያ አሳይታለች። በጥቅምት 2020 የካሊፎርኒያ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከወንጀል መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ዳታቤዝ የሚወጣ የሰው መረጃ በክፍት ሬዲዮ እንዳይተላለፍ አዘዘ። ሁለት ምርጫ ነበር የሰጠው። ወይ ቻናሉን መስጥሩ፣ ወይ ደግሞ የግል መረጃው በሬዲዮ እንዳይነገር የአሠራር ደንብ አውጡ። ብዙ ከተሞች አጭሩን መንገድ መርጠው ዘጉ። ፓሎ አልቶ በጥር 2021 ነበር የዘጋው፤ ነዋሪው ሳይወያይበት። ሰዉ ጮኸ፣ ጋዜጦቹም አልለቀቁም። አዲስ የፖሊስ አዛዥ ከመጣ በኋላ በመስከረም 2022 መልሰው ከፈቱት። ፖሊሶቹ ሙሉ መረጃውን በስልክ፣ በመኪናቸው ኮምፒውተር ወይም በተመሰጠረ ቻናል ይቀባበላሉ፤ ዋናው ቻናል ክፍት ነው። የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል ደግሞ ስቴቱን ሙሉ የሚያካልል ትልቅ ድርጅት ሆኖ ሳለ ጭራሽ አልዘጋም። ሴናተር ጆሽ ቤከር ሌሎቹም እንዲህ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ በ2022 አቅርበው ሳይሳካ ቀርቷል። ስለዚህ "የግል መረጃ ለመጠበቅ ሌላ መንገድ የለም" የሚል አዛዥ ካጋጠመዎት መንገዱ አለ። የሚጠይቀው ሥልጠናና ትንሽ ትዕግሥት ነው። መዝጋት ግን አንድ ቀን ፕሮግራም ማድረግ ነው፤ እኔው ራሴ የምሠራው ሥራ።

አንዳንድ ከተሞች አስታራቂ ብለው ያመጡት ነገር ማዘግየት ነው። ባልቲሞር ድምፁን 15 ደቂቃ አዘግይቶ ይለቃል። ቺካጎ 30 ደቂቃ። ለጋዜጠኛና ለታሪክ ከምንም ይሻላል። እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን ምን ይሠራል? የሱቅዎን በር ለመዝጋት የሚፈልጉት መረጃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲደርስ ወይ ነገሩ አልቋል፣ ወይ በርዎ ላይ ደርሷል።

ስለ ጋዜጠኞች ካነሳሁ የእርስዎ ጎረቤት ዴንቨር ያደረገችውን ልንገርዎት። ስትዘጋ "ጋዜጠኞች ከፈለጉ የሚሰማ ሬዲዮ እንሰጣለን፣ ግን ይፈርሙ" አለች። ውሉ ውስጥ ከተማው የዜና ድርጅቶቹን መዝገብ የመመርመር መብት የሚሰጥ አንቀጽ ነበረበት። ዴንቨር ፖስትን ጨምሮ ድርጅቶቹ አንፈርምም አሉ። እኔም ብሆን አልፈርምም። ፖሊስን ለመከታተል የምትጠቀምበትን ሬዲዮ ፖሊሱ አንተን የሚከታተልበት መንገድ ሲያደርገው ምኑን ተከታተልከው? በመጨረሻ ጉዳዩ ስቴቱ ምክር ቤት ደረሰ። መዝጋትን የሚገድቡ ረቂቆች ከዚያ በፊት ቀርበው ወድቀው ነበር። በ2021 ኤችቢ 21-1250 በሚባለው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ፤ ሬዲዮውን በሙሉ የሚመሰጥር መሥሪያ ቤት ከኮሎራዶ የዜና ድርጅቶች ጋር ተመካክሮ እነሱ የሚሰሙበትን ፖሊሲ ማውጣት አለበት ይላል። ይሄ ሕግ ኦሮራንም ይመለከታል። የሚጠቅመው ግን ለዜና ድርጅት ነው፤ ባለ ሱቅን አይጠቅስም።

እስካሁን ያልኩትን በጋዜጣም ያገኙታል። በጋዜጣ ብዙ የማይወራው ቁልፉ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሰው ምስጠራ ሲባል አንዴ ተጭኖ የሚረሳ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ሬዲዮ ቁልፍ መጫን አለበት። ወይ ቴክኒሺያን በእጅ በሚያዝ ቁልፍ መጫኛ አንድ በአንድ ይጭናል፣ ወይ በአየር በሚልክ ሥርዓት ይላካል፤ ያኛው ደግሞ ተጨማሪ ወጪ አለው። አንድ ሬዲዮ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ቁልፉ አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ወይ የጠፋውን በርቀት መግደል፣ ወይ የሁሉንም ቁልፍ መቀየር ነው። በሺህ የሚቆጠር ሬዲዮ ያለው ከተማ ሁሉንም ሰብስቦ ቁልፍ ሲቀይር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ቦታ ቁልፍ ለዓመታት አይቀየርም። ስሙ ምስጠራ ነው፣ ቁልፉ ግን በስንት እጅ አልፏል።

ከዚህ የሚብሰው ጎረቤት ነው። የዴንቨር አካባቢን ይመልከቱ፤ ኦሮራ ብቻዋን ሦስት ካውንቲ ውስጥ ናት፣ አራፓሆ፣ አዳምስና ዳግላስ። ትልቅ ነገር ሲፈጠር ከየአቅጣጫው ፖሊስና እሳት አደጋ ይመጣል። ከሚመጡት አንዱ ቁልፉ ከሌለው ሬዲዮው ላይ ዝምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ቁልፉ ቢኖረው እንኳ የቁልፉ መለያ ቁጥር በሁለቱ ሬዲዮ ላይ ካልገጠመ ያው ነው። በወረቀት ላይ "ተነጋግረን ቁልፍ እንለዋወጣለን" ይባላል። ወረቀቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አይሠራም። በጥር 2015 ዲሲ ሌንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ የሜትሮ ባቡር ጭስ የሞላው ዋሻ ውስጥ ቆሞ አንዲት ተሳፋሪ ስትሞት፣ ወደ ታች የወረዱት እሳት አጥፊዎች ሬዲዮ ከመሬት በታች አልሠራም ነበር። ከዚያ በኋላ በተነሳው ክርክር የእሳት አደጋው ሬዲዮ መመስጠር ከሚወቀሱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ምክንያቱ እሱ ነበር ብዬ አልፈርድም፤ ዋሻ ያለ ምስጠራም ሬዲዮ ይገድላል። ግን የእሳት አደጋና የአምቡላንስን ዋና ቻናል መመስጠር ለእኔ ትርጉሙ አይገባኝም። እሳት ማንን ያዳምጣል?

ሌላም አለ። ያ የ2011 ጥናት ያሳየው ትልቁ ነገር፣ ምስጠራ ያላቸው የፌደራል ሰዎች ሬዲዮ ሳያውቁት ክፍት ሆኖ ይናገር እንደነበር ነው። ማብሪያ ማጥፊያዋ ትንሽ ናት፣ ምልክቷም አትታይም። አንዱ በክፍት ሲናገር ሌሎቹ ምንም ሳይለዩ ይመልሱለታል። የተሸፈነ ሲመስላቸው ደግሞ ሰዎች ይበልጥ ይዘረግፋሉ። ክፍት ቻናል ላይ ያለ ፖሊስ ቢያንስ ክፍት መሆኑን ስለሚያውቅ ቃሉን ይመርጣል።

አውሮፓ ያሉ ወገኖች ይህን ሲያነቡ ይገርማቸው ይሆናል። እዚያ ክርክሩ ቀድሞ አልቋል። ስዊድን ራኬል፣ ኖርዌይ ኔድኔት፣ እንግሊዝ ኤርዌቭ የሚባል አገር አቀፍ ሥርዓት አላቸው፤ ሁሉም ቴትራ በሚባል ስታንዳርድ የሚሠሩ፣ ሁሉም የተመሰጠሩ። ሕዝብ የፖሊስ ሬዲዮ ይስማ የሚል ልማድም ብዙ የለም። በምትኩ የስዊድንና የኖርዌይ ፖሊስ በየአካባቢው የተፈጠረውን ነገር አጠር አድርገው በኢንተርኔት በየሰዓቱ ይለጥፋሉ፤ የመኪና ግጭት፣ እሳት፣ ድብድብ። ስም የለበትም፣ ቦታው ግን አለ። አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮውን የዘጉት ከተሞች ይህን መልመድ ይችሉ ነበር፤ አብዛኞቹ የአውሮፓን ቁልፍ ወስደው የአውሮፓን ማስታወቂያ ሰሌዳ ተዉት። ያም ሆኖ ቴትራም የራሱ ገመና ነበረው። በ2023 ሚድናይት ብሉ የሚባል የኔዘርላንድስ ቡድን ከቴትራ ምስጠራዎች አንዱ፣ ቲኢኤ 1 የሚባለው፣ ባለ 80 ቢት ተብሎ ቁልፉ በውስጥ ወደ 32 ቢት የሚወርድ መሆኑን አጋለጠ። ያ በተራ ኮምፒውተር ይሰበራል። አሠራሩ ለብዙ ዓመታት ሚስጥር ስለነበር ማንም አላየውም። ኤኢኤስ ለዚህ ነው የሚሻለው፤ አሠራሩን ሁሉም ሰው አይቶ ፈትሾታል፣ የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው።

"የሚደብቁት ነገር አለ?" ላሉት፣ የምሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ክፋት አስበው አይደለም የሚዘጉት። ተሻሽሎ የመጣው ሬዲዮ ምስጠራ አለው፣ ሻጩ ጥሩ ነው ይላል፣ ጎረቤት ከተማ ዘግቷል፣ አዛዡም ማንም እንዳይሰማው ማድረግን ይወዳል። ማን የማይወድ አለ? ችግሩ ሐሳቡ ላይ አይደለም፣ ውጤቱ ላይ ነው። ፖሊስ ስንት ደቂቃ ዘግይቶ እንደደረሰ፣ የተኩሱ የመጀመሪያ ወሬ ምን እንደነበረና በኋላ መግለጫው ላይ ምን እንደሆነ፣ ያንን ማነጻጸር የሚቻለው አንድ ሌላ ሰው ሲሰማ ከነበረ ነው። ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው የፖሊሱ ቃል ብቻ ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው። አንዳንዴ አይደለም።

አሁን እርስዎ ምን ያድርጉ። በመጀመሪያ አፑን አያጥፉት። በአካባቢዎ ክፍት የቀረ የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስ ወይም የጎረቤት ከተማ ቻናል ካለ ይፈልጉ፤ ትልቅ ነገር ሲኖር እነሱም ይጠራሉ። ፐልስፖይንት የሚባል ነጻ አፕ ደግሞ የሚሳተፉ የእሳት አደጋ መምሪያዎችን ጥሪ ካርታ ላይ ያሳያል። የፖሊስ ጥሪ የለበትም፣ ግን መንገድዎ ላይ አምቡላንስ ለምን እንደቆመ ያውቃሉ። የካውንቲዎን የአደጋ ማስጠንቀቂያ መልእክት ስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ፤ ለሱቁም ለቤትም አድራሻ። እርስዎን የነካ ነገር ከተፈጠረ በኋላ የጥሪውን ቅጂና ሪፖርት በኮሎራዶ የወንጀል ፍትሕ መዛግብት ሕግ መሠረት መጠየቅ ይችላሉ። ፖሊስ በደለኝ የሚል አቤቱታ የቀረበበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በ2020 የወጣው ሕግ፣ ኤስቢ 20-217፣ የደረት ካሜራው ቪዲዮና ድምፅ ከተጠየቀ በ21 ቀን ውስጥ እንዲለቀቅ ያዛል። ምርመራን የሚያደናቅፍ ከሆነ ሊዘገይ ይችላል።

መክፈት ይመለሳል ወይ ካሉ፣ ፓሎ አልቶ የተከፈተው በነዋሪ ጩኸት ነው። የኦሮራ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም ተመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። የሚሄዱ ከሆነ "ለምን ዘጋችሁ" ብለው አይጀምሩ፤ ለእሱ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ይልቅ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የግል መረጃ ወደ ሌላ ቻናል ተዛውሮ ዋናው የጥሪ ቻናል ለምን አይከፈትም? በ2021ዱ ሕግ መሠረት ያወጣችሁት የዜና ድርጅቶች ፖሊሲ የት አለ፣ ስንት ድርጅትስ ይጠቀምበታል? የሬዲዮዎቹ ቁልፍ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው? ሦስተኛውን ሲጠይቁ ቁልፉን ራሱን እንደማይፈልጉ ይንገሯቸው፤ ቀኑን ብቻ። እሱን ሲሰሙ የሬዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ፊት ላይ የሚያዩት ነገር ብዙ ይነግርዎታል።

700 ዶላሩን ደግሞ ለሱቁ ጥሩ ካሜራ ያውሉት።